ማርሿ ገብቷል፤ ማኅተሙ ቀርቷል

ቁጥር፦ የለውም (ቁጥር የሚሰጡት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ናቸው)

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጎማው ቆሞ ሳለ «አልገባም» ስለተባለው ማርሽ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ጽሕፈት ቤት ሆይ፣

ከነሠራተኞችዎ፣ ከነወንበሮችዎ፣ ሁሌም ምሳ ላይ ከሚገኘው ማኅተምዎ ጭምር እንደምን ሰንብተዋል? ስምዎንና የሚገኙበትን ከተማ ያልጠቀስኩት ስለማከብርዎ ነው። ደግሞም እርስዎን የሚመስሉ ብዙ ስለሆኑ፣ ደብዳቤው በር ተሳስቶ ቢያንኳኳ እንኳ ባለቤት አያጣም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ንብረቴ አንዲት አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ናት። ኩባንያው ይህችን ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲያቀርባት ቀላልና ታጋሽ አድርጎ ነው የሠራት፤ ቫልቮላዋን የሚያንቀሳቅሰው እንኳ ሰንሰለት ሳይሆን የብረት ዘንግ ነው። ዛሬ በየመንደሩ የሚያጓሩት የቻይና ሞተሮች ብዙዎቹ ከእርሷ የተቀዱ ናቸው። ስለዚህ የእርሷ መለዋወጫ ከእርስዎ ቢሮ ከሚጠፋ ፋይል ይልቅ ቶሎ ይገኛል።

ይህች ታጋሽ ሞተር ሁለተኛ ማርሽ መትፋት ጀመረች። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጣት «ጓ!» ብላ ትለቅና ባዶዋን ትጮኻለች። ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ደግሞ የእኔን የማርሽ ችግር የሚያስተናግድበት ፍሬን ላይኖረው ይችላል።

ለመርማሪዎችዎ ሥልጠና ይሆን ዘንድ ነገሩን በነጻ ላስረዳ። በዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ ውስጥ ማርሾቹ ሁልጊዜም ጥርስ ለጥርስ እንደተናከሱ ነው የሚኖሩት። ማርሽ ሲቀየር የሚሆነው ሹካው አንዱን ማርሽ በዘንጉ ላይ ወደ ጎን ገፍቶ፣ በጎኑ ያሉትን ጉጦች ጎረቤቱ ቀዳዳ ውስጥ መክተቱ ነው። የጉጦቹ ጠርዝ ደህና ሲሆን ጭነት በመጣ ቁጥር ይያያዛሉ፤ ሲዶለዱም ግን ያው ጭነት ገፍቶ ያላቅቃቸዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ሁለተኛው ነው፤ ከአንደኛ ተነስቶ ዜሮውን ዘልሎ መግባት ስላለበት በግማሽ እየገባ ሲንገጫገጭ ይኖራልና። ለሞተሩም ለካምቢዮውም ያለው ዘይት ደግሞ አንድ ነው፤ ሊትር ገደማ። ከማርሹ የሚረግፈው ብናኝ ዞሮ ዞሮ ሞተሩን ይበላል። ስለዚህ ዝም ብሎ መንዳት አይቻልም።

ጉጦቹን ለማየት ሞተሩ ከሻንሲው ወርዶ፣ ቴስታታውና ሲሊንደሩ ተነስቶ፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው ወጥቶ፣ ካርተሩ ለሁለት መከፈል አለበት። ሁሉንም በግቢዬ ውስጥ አሮጌ አንሶላ አንጥፌ አደረግሁት። የዘይት ማጣሪያውን ነት የሚፈታውን ባለ ጥርስ ቁልፍ ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ ላይ በሞረድ ጠርቤ አወጣሁት። ከዘንጉ የወረደውን ማርሽና ሮንዴላ ሁሉ በወረደበት ቅደም ተከተል ሽቦ ላይ ሰካሁት፤ አንዲት ስስ ሮንዴላ ቦታዋን ከሳተች የተዘጋው ካርተር እንደገና መከፈቱ አይቀርም። የሁለተኛው ማርሽ ጉጦች እንደ ተመጠጠ ከረሜላ ተድበልብለው፣ የሹካውም ጫፍ ከግለት ብዛት ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ማርሽ ቀይሮ ጥንዱን መተው አዲሱንም ማስበላት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ከተፈታ የቻይና ሞተር ላይ ጥርሳቸውን ቆጥሬ፣ ከአሮጌዎቹ ጋር ጎን ለጎን አስተያይቼ ጥንዱንም ሹካውንም ገዛሁ። ኩሽኔታዎቹን ለማውጣት ካርተሩን የባለቤቴ ምጣድ ላይ ጣድኩት። አልሙኒየም በሙቀት ከብረት ይልቅ ይሰፋልና፣ ውሃ ጠብ ሲደረግበት «ጭስ» የሚልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ኩሽኔታው ያለ መዶሻ ወረደ። ባለቤቴ «እንጀራው ሲበስል ጥራኝ» ብላኝ ጎረቤት ሄደች።

አሁን ወደ እርስዎ ግቢ እንግባ።

ለዓመታዊው ምርመራና ለቦሎ ማልጄ ተሰለፍኩ። ሞተሬን እየነዳሁ ነው የመጣሁት፤ ይህን ይያዙልኝ። ከቤቴ እስከ በርዎ አምስቱንም ማርሽ ስትለዋውጥ አንዱንም አልተፋችም። ተራዬ ሲደርስ መርማሪዎ፣ በዕድሜ የመጨረሻ ልጄን የሚያህል ወጣት፣ ሊብሬዬን ተቀብሎ «አጥፋት» አለኝ። አጠፋኋት። ጎንበስ ብሎ አዲሱን ጋርኒሲዮንና የጸዱትን ቡሎኖች ተመለከተ። በእርስዎ ግቢ ንጽሕና ያስጠረጥራል።

«ይሄ ተከፍቷል።»

«አዎ፣ ካምቢዮው ታድሷል።»

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ማነህ?»

ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሊቃውንት ገዳም ገብተው ሲመረምሩት የኖሩት ነው። እኔ ግን «ጡረተኛ መምህር ነኝ» አልኩ። የጋራዥ ንግድ ፈቃድ እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ የለኝም። የመካኒክነት ምስክር ወረቀት ጠየቀኝ፤ እርሱም የለኝም። ከዚህ በኋላ የቴክኒክ ምርመራው ተጀመረ። ሞተሯ ጠፍታ በመቆሚያዋ ላይ እንዳለች፣ ፍሪሲዮኑን ሳይዝ፣ ሹል ጫማውን አነሳና ማርሹን ረገጠው። አንደኛ ገባ። ወደ ላይ ሳበው፤ ዜሮ ላይ ቆመ። ደግሞ ሳበው፤ እምቢ አለ። በተረከዙ መታው። ያን ጊዜ ምጣዱ፣ ሞረዱ፣ ሽቦ ላይ የሰካኋቸው ሮንዴላዎች ሁሉ በዓይኔ ዞሩ። ከዚያም ቀና ብሎ ለጸሐፊዋ አወጀ፦ «ሁለተኛ የለም! ማርሽ አይገባም፤ ጻፊ!»

ክቡር ጽሕፈት ቤት ሆይ፣ ጎማው ቆሞ፣ ዘንጉ ቆሞ፣ ጉጡ ከቀዳዳው ትይዩ ካልደረሰ፣ የዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ ትናንት ከካርቶን የወጣ ቢሆን እንኳ እምቢ ሊል ይችላል። የኋላውን ጎማ በእጅ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል። ይህንኑ ነገርኩት። «ጎማውን ትንሽ እያዞሩ ይሞክሩት» አልኩ። «ይሞክሩት» ነው ያልኩት፤ ሰልፈኛው ምስክሬ ነው።

መርማሪዎ ፊቱን ወደ ሰልፉ አዞረ። «ስሙት! ሊያስተምረን መጥቷል!»

ተሳቀ። ቦሎ የሚፈልግ ሰው መርማሪ ሲስቅ አብሮ መሳቁ እንደ ግብር ግዴታው ስለሆነ ባጃጅ ነጂዎቹን አልተቀየምኳቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ አልሳቀም። አሥረኛ ክፍል እያለ ስለ ሰበቃ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ የባጃጁን መስታወት ይወለውላል። ከሳቁት ሁሉ እርሱ ጎዳኝ።

በዚህም አላበቃም። በምርመራ የወደቀ ተሽከርካሪ በግቢዎ ውስጥ መንዳት ክልክል ነው ተብሎ እየገፋሁ እንድወጣ ታዘዝኩ። ግቢዎ ደግሞ፣ በጥበብ የታነጸ ይመስለኛል፣ መግቢያው ታች፣ መውጫው ላይ ነው። መቶ ኪሎ የሚጠጋ ብረት በዚያ ኮረኮንች ዳገት ላይ እየገፋሁ በሳቀው ሰልፍ ፊት አለፍኩ። መሀል ላይ ባርኔጣዬ ወደቀ። ሁለት እጄ መሪው ላይ ነበር፤ ብለቃት ወደ ኋላ ተንሸራታ ሰው ላይ ትወድቃለች። የሚያነሳልኝ ጠፋ። ትንፋሼን ልመልስ ቆም ስል የጥበቃ ሠራተኛዎ «ቶሎ በል አንተ፣ መንገድ ዘጋህ!» አለኝ። ሞተሯን አቁሜ እስክመለስ ባርኔጣው ላይ ሚኒባስ ሄዶበታል።

ያም ሚኒባስ የእርስዎን ምርመራ አልፎ የወጣ ነው። በሩ በገመድ የታሰረ ነው። በገመድ! ሰው አሳፍሮ ነው የሚሄደው፣ ሕፃናት አሳፍሮ! እርሱን ምን አይተህ አሳለፍከው? የእኔን ማርሽ በተረከዝህ ስትመታ እርሱን በየትኛው ዓይንህ መረመርከው? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ፣ በገዛ ግቢዬ የገዛ ንብረቴን በእጄ ስላቃናሁ በልጆቼ ፊት መሳቂያ የምታደርገኝ ማን ሆነህ ነው? የእጅህን ይስጥህ!

ወደ አክብሮቴ ተመልሻለሁ።

የተሰጠኝ ወረቀት «ከታወቀ ጋራዥ ካምቢዮው ስለመጠገኑ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይቅረብ» ይላል። የታወቀው ጋራዥ የት እንዳለ ስጠይቅ ያው ጥበቃ በአገጩ ከአጥሩ ማዶ አመለከተኝ። ሄድኩ። ጋራዡ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ ማኅተም ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ሊብሬዬን አይቶ የደብዳቤውን ዋጋ ነገረኝ፤ ማርሾቹን ሶማሌ ተራ ከገዛሁበት ይበልጣል።

«ሞተሯን ላምጣት?» አልኩት።

«ለምን?»

ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ደብዳቤው አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ባዶው የታርጋ ቁጥሩ ቦታ ብቻ ነው። «ባለሙያዎቻችን ካምቢዮውን ሙሉ በሙሉ ፈትተው፣ መርምረውና ጠግነው...» እያለ ይቀጥላል። አልገዛሁትም። ቅዱስ ስለሆንኩ አይመስልዎት፤ የእኔን ሥራ ሌላ ሰው ሠራው ለማስባል ገንዘብ መክፈል ስላንገበገበኝ ነው።

ሌላ ሌላውን አላነሳም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ክረምት ላይ ከጥቂቶች በስተቀር ሞተር ሳይክልን ስለማገዷ፣ በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ ያለንን አሮጌ መጠገን የግድ እየሆነ ስለመምጣቱ፣ ስለ መንገዱ፣ «ሲስተም የለም» ስለሚባለው በሽታ ሌላ የቆሰለ ሰው ይጻፍ።

እኔ የምለምነው ዳግም ምርመራ ነው። ጎማ የሚያዞር አንድ ሠራተኛ ይመደብልኝ። በጀት ከሌለዎት እኔው አዞራለሁ፤ መርማሪዎ እግሩን ብቻ ያዋጣ። ይህም ከከበደ ከኋላዬ ይቀመጥና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ አብረን እንውጣ። ሞተሯ ማርሹን ከተፋች እዚያው ወርጄ እስከ ቢሮው በር እየገፋሁ እመልሰዋለሁ፤ እርሱ እንደተቀመጠ፣ ሹል ጫማው አቧራ ሳይነካው።

ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣
ባለ ሞተሩ

ግልባጭ፦ ለጥበቃ ክፍል (ባርኔጣውን በተመለከተ)፤ ከአጥሩ ማዶ ላለው ማኅተም (ለመረጃ ያህል)፤ ለባለቤቴ (ምጣዱ መታጠቡን አይታ እንድታረጋግጥ)።