ዕዳ ማርባት ለሚፈልግ አባት

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጥግ ተቀምጬ እንግሊዝኛ ለከበደው ሰው ደብዳቤ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጠሩ። ሰዉ ይለያያል፤ ታሪኩ ግን አንድ ነው። ከሚስቱ ተለያይቷል፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ናቸው፤ እሱ ላስ ቬጋስን ሌሊቱን ሙሉ ለሥራ በመኪና ሲዞር ያድራል፤ እስከ ደመወዝ ቀን የሚበደሩት ፔይዴይ ሎን አንቆ ይዞታል። መልካሙን ምክር ስነግረው አልሰማ ስላለኝ፣ እስቲ ደግሞ የሚወደውን ልምከረው።

ወንድሜ፣ የቤት ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱና ለልጆቹ ማሳደጊያ የምትከፍለው ቻይልድ ሰፖርት ባንድ ሳምንት ሲገጥሙብህ ማንንም አታማክር። መንገድ ዳር ቢጫ መብራት ያበራው ሱቅ ግባ። መታወቂያህንና የደመወዝ ወረቀትህን አሳይተህ 500 ዶላር ቆጥረህ ውጣ። የምትፈርመውን አታንብ። «ከመቶው 15 ዶላር ነው» ሲሉህ «15 በመቶ ብቻ!» ብለህ ደስ ይበልህ። 15ቱ ለሁለት ሳምንት መሆኑን፣ በዓመት ሲሰላ 391 በመቶ እንደሚደርስ የሚነግርህ ሰው ምቀኛህ ነው። ኔቫዳ ለዚህ ዓይነቱ ብድር የወለድ ጣሪያ ስለሌላት ከዚያም የባሰ ታገኛለህ። ዋሽንግተን ዲሲ ላለው ያጎትህ ልጅ ብቻ እንዳትነግረው፤ እዚያ ሕጉ ከ24 በመቶ በላይ አይፈቅድምና ያመመህ ይመስለዋል።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ዋናውን አትንካ። 75 ዶላሯን ክፈልና አሳድስ። ከዚህ በላይ አይታደስም ካሉህ ከማዶ ካለው ሱቅ ተበድረህ የዚህኛውን ዝጋ። ሰባት ጊዜ እንዲህ ስታደርግ 525 ዶላር ከፍለሃል፤ 500ው ግን ሳይሸራረፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ብቻዬን ነኝ ብለህም አትተክዝ። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከአሥሩ የፔይዴይ ብድር ከስምንት በላይ የሚሆነው በ14 ቀን ውስጥ የታደሰ ወይም በሌላ ብድር የተተካ ነበር። የመኪናህን የባለቤትነት ወረቀት፣ ታይትሉንም ደርበህ አስይዝ፤ መኪናህን ሲወስዱ ሥራህንም አብረው ይወስዱልሃል።

የዕዳ ዋናው መኖ ግን ይሉኝታ ነው፤ እሱን አታጓድል። ጓደኞችህ ክትፎ በልተው ሂሳቡ ሲመጣ «ሞቼ እገኛለሁ!» ብለህ ቀድመህ ተነሳ፤ የአስተናጋጇን እጅ ይዘህ ታገል። ያን ገንዘብ ትናንት ከየት እንዳመጣኸው ማንም አያውቅም። ለሰርጉ ፖስታ ሌላው 100 ካደረገ አንተ 150 አድርግ። እቁቡንም ባለ 1,000ውን ግባ፤ በባለ 200ው መታየት ውርደት ነው። ዕጣው ሲወጣልህ ዕዳህን እንዳትዘጋበት፤ አገር ቤት ለተጀመረው ቤት በር ይገዛበት። ወንድምህ ለባጃጅ ሲጠይቅህ «የለኝም» የምትለዋን ቃል ከአፍህ አታውጣ። እናትህ «ደህና ነህ ወይ ልጄ?» ሲሉህ «ተመስገን፣ ሁሉም ሙሉ ነው» በላቸውና ስልኩን ዘግተህ ሌላ ሱቅ ፈልግ። የነፍስ አባትህም፣ የእድሩ ዳኛም፣ አብሮህ የሚነዳው ባልንጀራህም እንዳይሰሙ። ሰው ምን ይላል?

ለልጆችህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የገና አባት ሁን። የእናትየዋ ቤት አምስት ቀን የሚበላው ሽሮ ነው፤ አንተ ጋ ሲመጡ ፒዛ፣ ሲኒማ፣ ጫማ ይሁን። ሲያድጉ ማን የበለጠ እንደሚወዳቸው በጫማው ይለኩታል።

ባለፈው ወር አንዱ አባት በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ የዳሽቦርዱን መሳቢያ ከፍቶ አሳየኝ። አሥራ አንድ ያልተከፈተ ኤንቨሎፕ ነበረበት፤ ዘጠኙ ቀይ ማኅተም የተመታበት። በመሃላቸው አንድ የታጠፈ የልጅ ሥዕል አለ፤ ሰማያዊ መኪና፣ ጥርሱ የገጠጠ ሹፌር፣ ከኋላ ሁለት ልጆች። የኋላ ወንበሩ ላይ በ180 ዶላር የተገዛ የልጅ ጫማ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ሴት ልጁን ጠቧታል፤ ለመመለስም ጊዜ አላገኘም። ልጅቱ የጠየቀችው ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩት። «ፓርክ ውሰደኝ ነበር ያለችው» አለኝ።

ፓርክ እኮ በነጻ ነው! ልጅህ የምትፈልገው አንተን ነው፤ አንተ ደግሞ የጫማዋን ወለድ ለመክፈል ቅዳሜን ጨምረህ ስትነዳ ታድራለህ። ይህን ስል ድምፄ ከፍ ብሎብኝ ነበር፤ ሰዎችም ዞር ብለው አይተውናል።

ወደ ምክሬ ልመለስ። ቻይልድ ሰፖርቱን ለእናታቸው በእጅ ስጣት፤ ደረሰኝ አትቀበል፤ በስቴቱ ቢሮ በኩልም አታሳልፍ። «እሷ ታውቀዋለች» በል። በቢሮው መዝገብ ያልከፈልክ ሆነህ ስትገኝ ያኔ ታዝንባታለህ። ሥራህ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ፍርድ ቤት አትሂድ። ኔቫዳ ውስጥ ገቢህ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከተለወጠ ዳኛው ክፍያውን እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ትችላለህ፤ አንተ ግን «ለሴት ብዬ ዳኛ ፊት አልቆምም» በልና ዓመት ጠብቅ። በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል ሕግ የተወዘፈውን ቻይልድ ሰፖርት ዳኛም ቢሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀንስልህ አይችልም። ያመለከትክበት ቀን ነው ዋጋ ያለው፤ አንተ ደግሞ አላመለከትክም።

ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ሲያልፍ የአሜሪካ ፓስፖርት ትከለከላለህ። እናትህ ታመሙ ተብሎ ሲደወልልህ እዚሁ ቁጭ ብለህ ታለቅሳለህ። የምትነዳበት መንጃ ፈቃድም ሊታገድ ይችላል። እሷን የቀጣህ መስሎህ ይሆናል። የተቀጡት ልጆችህ ናቸው፤ ኩራትህን ለነሱ ራት አድርገህ ማቅረብ አትችልም!

የቀረው ቀላል ነው፤ አትጠይቅ። ክሬዲት ዩኒየን አባል አትሁን፤ እዚያ ለፔይዴይ ምትክ ተብሎ የተዘጋጀ አነስተኛ ብድር ልታገኝ ትችላለህ፤ ወለዱ ከ28 በመቶ፣ የማመልከቻው ክፍያ ከ20 ዶላር አይበልጥም። ከባንክህ በቀጥታ እንዲቆርጡ የሰጠኸውን ፈቃድ በጽሑፍ አትሰርዝ፤ ባዶ ሂሳብህን ሲስቡት ባንኩም የራሱን ቅጣት ይጨምርበት። ሰብሳቢው «ትታሰራለህ» ሲልህ እመነው፤ ይህን ብድር መክፈል ስላቃተው የሚታሰር ሰው ግን የለም። ይልቅስ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣ እሱን መሳቢያ ውስጥ ክተት፤ እውነተኛው አደጋ እሱ ነውና።

ከሁሉም በላይ የአከፋፈል ስምምነት የሚባለውን አታንሳ። ኔቫዳ ውስጥ መክፈል ላቃተው ተበዳሪ አበዳሪው ቢያንስ 90 ቀን የሚዘልቅ፣ አዲስ ወለድ የማይታሰብበት ስምምነት እንዲያቀርብለት ሕጉ ያስገድዳል። የዚያ ሰውዬ መብት የተጻፈው ካልተከፈቱት ኤንቨሎፖች በአራተኛው ውስጥ ነበር። ሁለታችን መኪናው ውስጥ ተቀምጠን አነበብነው፤ ሲጨርስ ሥዕሉን ብቻ ወደ መሳቢያው መለሰ።

ወንድሜ፣ ያንተንም አውጥተህ ክፈታቸው። እንግሊዝኛው ከከበደህ ሳትከፍታቸውም ቢሆን ይዘሃቸው ና። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ጥግ ነኝ፤ አብረን እናነባቸዋለን።