ይህን አትጻፍ

እኛ ሰፈር፣ ድሬዳዋ ሳቢያን፣ ሰው የሕይወት ታሪክ የሚኖረው ሲሞት ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ ወሬ ይባላል። ድንኳኑ ተተክሎ፣ የዕድሩ ወንበር ተደርድሮ፣ የመጀመሪያው ለቅሶ ጋብ ሲል አንድ ዘመድ ብድግ ይልና «የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አለ። እኔ ነኝ።

ማንም አልቀጠረኝም። አንድ ጊዜ የእጅ ጽሑፌ ይነበባል ተባለ፣ በቃ። የድሬ ሙቀት ቀብር አያዘገይምና የሰባ ስምንት ዓመት ኑሮ ከእራት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ ማለቅ አለበት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከእኛም ይፈጥናሉ፤ ቀብሩ በዕለቱ ይፈጸማል፣ የሚነበብም ወረቀት የለም፤ ስለዚህ እኔን አይፈልጉኝም። የእኔ ደንበኛ ግን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ድረስ ወረቀቱን ይፈልጋል። ታላቋ ልጅ «አባዬ የተወለደው አሰበ ተፈሪ ነው» ስትል ወንድሟ «ኧረ ሂርና ነው» ይላል፤ ሟች እንዳይዳኛቸው ቀደም ብሎ ሄዷል። እኔም «በቀድሞው ሐረርጌ ክፍለ ሀገር» ብዬ አስታርቃቸዋለሁ።

ወረቀቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ይጀምራል። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ይላል። «በተመደቡበት ሁሉ በቅንነትና በታታሪነት» ያገለግላሉ፤ ከዚያ «ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው» ያልፋሉ። ባቡር የነዳውም፣ ስሚንቶ ፋብሪካ አቧራ ሲጠጣ የኖረውም፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የሠራችውም በዚሁ በር ወጥተዋል። ጥበቡ ያለው ከቅጽል ላይ ነው። ከቀበሌው ሁሉ ጋር ተጣልቶ የኖረውን «ለእውነት የቆመ» እላለሁ። ጠጪውን «ጨዋታ ወዳድ»። ሰላምታ ነስቶን የኖረውን «ቁጥብ»። እስካሁን ከሟች በኩል ቅሬታ አልመጣብኝም።

እውነተኛው የሕይወት ታሪክ የሚነገረው ከቀብር መልስ ነው፤ ድንኳን ውስጥ፣ ካርታ ጨዋታው ላይ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ በተመለሰበት ሰሞን ሟች ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ተደብቆ፣ ዱቄት ለብሶ ሲወጣ የገዛ እናቱ መንፈስ መስሏት እንደሮጠች ያኔ ይነገራል። ካርታ ተጫዋቾቹ ሐዘንተኛ እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላ አፍነው ይስቃሉ። ሐዘንተኛዋም በነጠላዋ ስር ትስቃለች። እኔ ከአንድ ሰዓት በፊት ስለዚሁ ሰው «በዘመነ ጦርነቱም የበኩላቸውን አስተዋጽኦ አበርክተዋል» ብዬ አንብቤያለሁ።

ወደ ሕያዋን የዞርኩት በካርታ ተጫዋቾቹ ቀንቼ ነው። ሰበቡም ካናዳ ያሉ ልጆች ሆኑ፤ «አባታችን ሳይረሳ ታሪኩን ጻፍልን፣ መጽሐፍ እናደርገዋለን» አሉኝ። አባትየው የሸመንደፈር ጡረተኛ ነው። ሸመንደፈር ማለት ድሬ ላይ ሥራም፣ ዘርም፣ ማዕረግም ነው፤ ከተማዋ ራሷ በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና ባቡር ሠራተኛ ፊት ሁላችንም እንግዶች ነን። ሰውዬው ሲናደድ በፈረንሳይኛ፣ ሲገበያይ በሶማሊኛና በኦሮምኛ፣ ሲዋሽ በአማርኛ ይናገራል። አማርኛው እጅግ የጠራ ነው።

የመጀመሪያውን ገጽ «ጋሼ እገሌ ተወለዱ» ብዬ ጀመርኩ። «እነማን ናቸው የተወለዱት?» አለኝ። «አንቱ» ስለው ዘወር ብሎ ኋላውን አየ። ድሬ አንቱታ አይበረክትም፤ ጋሼ እያልክ አንተ ማለት ነው ወጉ። እንግዲህ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ፤ የመሀል አገር አንባቢ ስድ አትበለኝ።

የተወለደበት ዘመን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የኩባንያው ወረቀት 1938 ይላል፣ እናቱም 1938 ብላለች። ኩባንያው በፈረንጅ፣ እናትየው በሐበሻ ነው የቆጠሩት፤ በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከምናምን አለ። ሰውዬው ሁለቱንም ተጠቅሞባቸዋል፤ ለጡረታ በፈረንጁ፣ ለትዳር በሐበሻው።

የምንሠራው ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ከአወዳይ በመጣ ጫት ዙሪያ ነው። በርጫ ለጸሐፊ ፈተና ነው። በስምንት ሰዓት ኤረር ጣቢያ አጠገብ ባቡሩ ፊት የቆመው አንድ ጅብ በአሥራ አንድ ሰዓት መንጋ ይሆናል። ማታ ደግሞ ጅቡ ጭራሽ ቀርቶ ነገሩ ሁሉ ምን ዋጋ አለው ይሆናል። እኔ የአሥር ሰዓቱን እወስዳለሁ።

በ784 ኪሎ ሜትሩ ሐዲድ ላይ ያየውን የነገረኝን ሁሉ ብጽፍ ሦስት መጽሐፍ ይወጣዋል። ከጅቡቲ ሲሳፈሩ የወፈሩ፣ ድሬ ሲወርዱ የከሱ ሴቶች ነበሩ፤ በመካከል የተፈታው ከገላቸው ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ነው። ፈታሽ ሲመጣ ድንገት ምጥ የሚይዛት ነበረች፤ በየወሩ ታምጥ ነበር። ሰውዬው ይህን ሲያወራ ሰባ ዓመቱ ከላዩ ይረግፋል። ከዚያ ጉንጩን ያስተካክልና «አቦ፣ ይህን አትጻፍ» ይላል።

«ምኑን ልጻፍ?»

«የደረጃ እድገቱን።»

የደረጃ እድገቱ ሦስት ምዕራፍ ሆነ። ቀን፣ ቁጥር፣ የሹም ስም። ምስክር ወረቀቶቹ በፌስታል ናቸው፤ አንድም አልቀረ።

ስለ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ ሲነግረኝ ግን ብዕሬን ከወረቀቱ አላነሳሁም። የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከተማውን ሲያርስ ጎረቤት ሕፃን በጣሪያ ላይ እንዴት እንደተሻገረ፣ ገመዱ የት እንደታሰረ፣ ውሃው ምን ምን እንደሚሸት ሳይቀር ነገረኝ። ከጓዳ ድምፅ መጣ። ባለቤቱ ናት። «አንተ እኮ ያን ሌሊት አዲስ አበባ ነበርክ። እኔ ነኝ የነገርኩህ።» ሰውዬው አላፈረም፤ «እሷ ስትነግረኝ ከነበርኩት በላይ ነበርኩ» አለኝ። ይህን ጻፍኩት፤ አትጻፍ አላለኝምና።

የታሪኩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሳቢያን ብቻ አይደለም። የጅጅጋው ልጅ ነጋ መዝለቅያ በእንግሊዝኛ ያሳተመው፣ በርዕሱ ላይ የጅብ ሆድ ያለበት የልጅነት ትዝታ በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የካናዳን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አሸነፈ። ሽልማቱ ሳይሞቅ አንዲት የዚያው አገር ጸሐፊ «አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች፤ እሱ ደግሞ አርታዒ ነበረች እንጂ ብሎ ወደ ክስ ሄደ። እኔ ከማንም ወገን አልቆምም። ግን ይህን ባነበብኩ ማግስት ከጡረተኛው ጋር ውል ተፈራረምን፤ ምስክሯ ባለቤቱ ናት።

ጋዜጠኛ ገነት አየለ ዚምባብዌ ድረስ ሄዳ ኮሎኔል መንግሥቱን አናግራ «የሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ትዝታዎች»ን አሳተመች። በኋላ ባለታሪኩ ራሳቸው ብዕር አንስተው «ትግላችን»ን ጻፉ። ደንበኛ እንዲህ ነው፤ የቀረበት ነገር ትዝ የሚለው ሌላ ሰው ከጻፈለት በኋላ ነው። ከሁሉም የሚከብዱኝ ግን የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው፤ የሕይወት ታሪካቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈው አስቀመጡት። ሰው ሁሉ እንዲህ ቢሆን የእኔ ቢጤ በምን ይበላል?

እኔ ሁለት ደብተር አለኝ። አንደኛው የመጽሐፉ ነው፣ ሁለተኛው «ይህን አትጻፍ» የተባለው ሁሉ የሚገባበት። የመጀመሪያው ቀጭን ነው። ልጆቹ የከፈሉት ለእሱ ነው፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ደጋግሜ የማነበው ሁለተኛውን ነው። የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ቢጠይቀኝ የምለው ይኸው ብቻ ነው፤ ሰውዬው «አትጻፍ» ሲል ብዕርህን አስቀምጥ፣ ጆሮህን ግን አታንሳ።

ባለፈው የተጻፈው እንዲነበብለት ፈለገ። የደረጃ እድገቱን ሦስት ምዕራፎች አነበብኩለት። በሁለተኛው አንቀላፋ። ጫት ይዞ ያንቀላፋ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ስጨርስ ነቃ።

«የማን ታሪክ ነው?»

«ያንተ ነዋ።»

«አቦ፣ ይህ ሰውዬ ይደብራል።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የጫቱን እንጨት ለቀም ለቀም አድርጎ፣ ወደ ጓዳው ገልመጥ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የባቡሯን ሴቶች አስገባቸው። ስማቸውን ግን ቀይር።»

«እሺ።»

«የጣቢያዎቹንም ቀይር።»

«እሺ።»

«የእኔንም ቀይር።»

ከጓዳ ሳህን ተቀመጠ። «እኔ ግን» አለች ባለቤቱ፣ «ጎርፉ ላይ በስሜ ነው የምገባው። እስከ አያቴ ድረስ ጻፈው።»