የምደብቀው የለኝም ላለ ነጋዴ

መርካቶ ውስጥ «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ሰው ከገጠመህ አትከራከረው። «ጋሼ፣ ይቺን ብርድ ልብስ በስንት አመጧት?» ብለህ ጠይቀው። ፈገግ ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ይዞራል። የመግዣ ዋጋውን ለገዛ ሚስቱ ያልነገረ፣ ደረሰኝ ጠያቂ መጣ ሲባል ሱቁን ከርችሞ ቡና የሚጠጣ ሰው፣ ነገሩ እንደ ሲግናል ባለ መተግበሪያ መልእክት መቆለፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ግልጽነት ይወዳል።

«ሲግናል የሚጠቀም ሰው የሆነ ነገር አለው።»

አዎ፣ ስልክ አለው።

«ቆልፎ የሚያወራ ያስጠረጥራል።»

ወዳጄ፣ እዚሁ ጀርባህ ጓጉንቸር በደርዘን ይሸጣል። የገዛውን ሁሉ ሌባ ካልክ ከአንዋር መስጊድ እስከ ራጉኤል አንድ ንጹሕ ባለሱቅ አይተርፍህም።

ይቺ ቀልድ ግን አንዴ ችሎት ደርሳለች። ሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማርያንና ጋዜጠኞች ታሰሩ። ስሙን ያወጡት ከቃሊቲ ነው፤ እስር ቤቱ ስምንት ዞን ስለነበረው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሁላችንም ነን ብለው። ሐምሌ ላይ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652/2001 ሲከሰሱ ከተቆጠረባቸው ነገር አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የሚባል ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ይህ ጋዜጠኛና የመብት ተሟጋች ኮምፒውተሩንና መልእክቱን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያሳይ፣ ማንም በነጻ የሚያገኘው መመሪያ ነው። ሰረቁ አልተባለም እንግዲህ፤ ቁልፍ አጠቃቀም ተማሩ ነው የተባለው። የከፊሎቹ ክስ ሐምሌ 2007 ተቋረጠ፣ የቀሩትን ፍርድ ቤቱ ጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ለነገሩ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የደብዳቤም፣ የስልክም፣ የኤሌክትሮኒክስም ግንኙነት አይደፈርም ካለ ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር።

«ታዲያ የት ሄዶ ነው ያልደረሰላቸው?»

ተቆልፎበት ነዋ!

ወደ ሠፈር እንመለስ። አንዱ ጀለስ «ቴሌግራም ላይ የምስጢር ግሩፕ ከፍተናል፣ 214 ሰው ነን» አለኝ። የቀረው አዲስ ከተማ ምን በድሎ ተዘለለ? ደግሞም አባው፣ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ የሚባል ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቆለፍም። የሁለት ሰው ወሬም ቢሆን ዝም ብለህ ከጻፍከው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉም ከኩባንያው ጋር ነው። «ሲክሬት ቻት» የሚለውን ራስህ ነክተህ ካልከፈትክ ምስጢር ያልከው ምስጢርነቱ ላንተ ብቻ ነው። ሲግናል ግን ሳይነገረው ይቆልፋል፤ ከፈረንጆቹ 2024 ወዲህ ስልክ ቁጥርህን ሳትሰጥ በመጠሪያ ስም ብቻ ማውራትም ይቻላል። ዋትሳፕም ከፈረንጆቹ 2016 ጀምሮ ይቆልፋል።

«አየህ! እኔ ዋትሳፕ ነኝ፣ ተገላገልኩ።»

ግልባጩን ጉግል ድራይቭ ላይ ሳትቆልፍ እያስቀመጥክ? አንተ እኮ ሱቅህን ቆልፈህ ዕቃውን በረንዳ ላይ የምታሳድር ሰው ነህ።

«መተግበሪያው አሪፍ ከሆነማ መሐል ላይ ማንም አያነብም።»

መሐል ላይ ቆሞ ማን ይጠብቅሃል? ስልክህ ውስጥ ከገባ ገና ስትጽፈው ያነበዋል። በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ ላይ ውጭ አገር ያሉ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች የደረሳቸው እንዲህ ያለ ነው። የሚያውቁት ሰው አካውንት በስካይፕ ፋይል ላከ፤ ጽሑፍ ይመስላል፣ ውስጡ ሰላይ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በየካቲት 2014 ዕቃውን ከጣሊያኑ «ሃኪንግ ቲም» ጋር አያያዘው። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2015 ደግሞ ሰላይ ሻጩ ራሱ ተሰበረና 400 ጊጋባይት ሰነዱ አደባባይ ወጣ፤ የእኛው የመረጃ መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበር በዚያ ታየ። የሚያስቀው ሌላ ነው። የሰው በር በመክፈት የሚኖረው ኩባንያ አንዱ ባለሙያው የራሱን በር የሚዘጋው «ፓስወርድ» በሚለው ቃል ነበር፣ ፊደል ለወጥ አድርጎ።

«በቃ፣ እነሱ ሁሉን ያውቃሉ፣ ምን ያደርጋል?»

ማስታወሻ ደብተራቸውን ረስተው ሄደው እንደነበርስ ያውቃሉ? በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2017 ሲትዝን ላብ ሌላ ጉድ አወጣ። የእስራኤሉ «ሳይበርቢት» ዕቃ ፍላሽ ማጫወቻ አድስ እያለ በውጭ ያሉ የኦሮሞ ተሟጋቾችንና የሚዲያ ሰዎችን ኮምፒውተር ይለክፍ ነበር። የማን ኮምፒውተር እንደተያዘ የሚመዘገብበት ፋይል ግን ለማንም ክፍት ሆኖ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል። ተመራማሪዎቹ ከዓመት በላይ ቁጭ ብለው አነበቡት። ሰላዩን የሰለለው የራሱ መዝረክረክ ነው።

አሁን ዋናውን ጉድ ልንገርህ፤ እሱ ጣሊያንም እስራኤልም የለም። ስልክ ጠጋኝ ጋ ሂድ። «ፓተርንህ?» ይልሃል። በጣትህ አየር ላይ ታሰምርለታለህ። ዘጠኝ ነጥብ ስሎ፣ መስመሩን አገናኝቶ፣ ወረቀቱን ስልክህ ጀርባ ላይ በፕላስተር ይለጥፈዋል። ያ ስልክ መስታወት ውስጥ ሦስት ቀን ይሰነብታል፣ አላፊ አግዳሚው መክፈቻውን ከነሥዕሉ እያየ። ሰውዬው ግን ቤቱ ሲገባ «ቴሌ ይጠልፈኛል» ብሎ ሹክሹክታ ይጀምራል። ስክሪን ለማሠራት ፓተርን ስጥ ያለህ ማነው? እዚያው ቆመህ ሲያልቅ ከፍተህ አሳየው። ካልሆነ ዳታህን አውጥተህ አጽዳው።

አሻራ ብቻ የሚተማመነውንም እንዳልረሳው። «ጣቴ ቁልፌ ነው» ይላል። ጣትህን ይዞ ስልኩ ላይ የሚጭን ጉልበተኛ የለም እንዴ? ረዘም ያለ ቁጥር ግን ካንተ አፍ ካልወጣ አይጫንም። የሚያሰጋው ሰው አሻራውን አጥፍቶ ቁጥር ቢያደርግ፣ የመልእክቱን መጥፊያ ሰዓት ቢሞላ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ወዳጁ ስክሪንሾት አንሺ መሆን አለመሆኑንም አስቀድሞ ቢያጣራ ይሻለዋል። የስክሪንሾትን ነገር ማንም መተግበሪያ ሙሉ በሙሉ አልቻለውም፤ የሰው ጠባይ አይዘመንም።

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ሚጥሚጣ የሚቸረችሩት ማዘር ሰሙኝ። ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እመቤቲቱ በየማታው ስልኳን ተቀብላ ትፈትሻለች፤ ስለ ደሞዝ የተጻፈ ካገኘች ቤቱ ይታመሳል። ሲግናል ጭነን መጥፊያውን አንድ ሰዓት አደረግንላቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ እንዲህ የሚጠፋ ከሆነ ‹ብር ላኪ› ያልኳትስ አብሮ ሊጠፋ ነው?»

እሱማ ማዘር፣ ሳይጠፋም አይታያትም።