ደጋፊ ፍለጋ በሰቆጣ

«ክለብ ታማኝ ደጋፊ የሚያፈራው እንዴት ነው?» ብሎ ጥናት ሊያስጠና የተነሣ ካለ፣ አበሉን ይዞ ሰቆጣ ይምጣና ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ይግባ። አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ ነው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ንቅንቅ የሚል የለም። የእንግሊዙ ዳኛ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ይሰደባል፤ ደግነቱ አይሰማም። አርሰናል የ1996 ዓ.ም. የሊግ ዋንጫውን ካነሣ በኋላ ለቀጣዩ የሊግ ዋንጫ ደጋፊውን ከ20 ዓመት በላይ ደጅ አስጠንቶታል፤ የሰቆጣ ልጅ ግን ማሊያውን አላወለቀም። የለንደኑ አጥቂ ባዶ ግብ ሲስት «ዕድል ነው» ይባልለታል። የሰፈሩ ልጅ ከሳተማ «ሂድ ፍየልህን ጠብቅ!» ነው፤ እሱ ደግሞ ይሰማል።

ደጋፊ በማሊያና በመፈክር እንደ ስልክ ካርድ የሚገዛ የሚመስላቸው አሉ፤ የሰፈር ክለብ ደጋፊ ግን ከሰፈሩ ነው የሚበቅለው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ደጋፊ የሆነው የአራዳ ልጅ ነው። ፋሲል ከነማም በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ያነሣው ጎንደርን ከኋላው አሰልፎ ነው።

የሰፈር ቡድን አለቆች ሆይ፣ ማሊያውም መፈክሩም ይቆይ። ለጊዜው ግጥሚያውን አርሰናል በሚጫወትበት ሰዓት አታድርጉብን።