ምስጢር በካርቶን

አሜሪካ ውስጥ የአባላዘር በሽታ ምርመራ እንደ ፒዛ ታዝዞ ቤት ድረስ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ውስጡ የሽንት ዕቃ፣ የጣት መብጫና መመለሻ ፖስታ አለ። ክላሚዲያና ጨብጥ ብቻ የሚያሰጋው ርካሹን ይገዛል፤ ፍርሃቱ በሰፋ ቁጥር ዋጋውም ይሰፋል። አንዳንዱ «ሙሉ» ጥቅል ሄርፒስንም ይጨምራል። የአገሪቱ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል ግን ምልክት ለሌለው ሰው የሄርፒስ የደም ምርመራ እንዳይደረግ ይመክራል። እንዳይደረግ ለተመከረው ጨምሮ መክፈል ነው እንግዲህ። ጉሮሮ ውስጥ የተደበቀው ጨብጥ ደግሞ በሽንት አይገኝም፤ ይኼን በትልቁ የጻፈ ማስታወቂያ ግን አላየሁም።

ኢንሹራንስስ? የቤቱ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ኪስ ነው። ክሊኒክ ከሄዱ ግን በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው የጤና ሕግ መሠረት፣ ወሲብ የጀመረች 24 ዓመት ያልዘለለች ሴት ክላሚዲያና ጨብጥን ያለ ክፍያ ትመረመራለች። ለወንዶቹ ግን ግብረ ኃይሉ «ማስረጃው በቂ አይደለም» ብሏል። ሴቶቹ ከማን እንደያዛቸው ነው እንግዲህ ማስረጃ የጠፋው።

ይኸው ሕግ ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው በወላጅ ኢንሹራንስ እንዲቆይ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የሀበሻ ልጅ በነጻ ስትመረመር፣ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» የሚል ዝርዝር ደብዳቤ ከኢንሹራንሱ በእናቷ ስም ቤት ሊመጣ ይችላል። እናትም መነጽራቸውን ፈልገው ሲያጡ፣ «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይቺን አንብቢልኝ» ይሏታል።