ረዳት የማይቀመጥባት መኪና

ደባርቅ ላይ መኪና የሚከበረው በሚጭነው ኩንታል ነው። ከዳባት በኩል ገብስ ይዞ የመጣ አይሱዙ ጌታ ነው። ፈረንጅ ጭኖ ወደ ስሜን ተራሮች፣ ሳንቃበር የሚወጣ ላንድክሩዘር ደግሞ የጌታ ጌታ። ስለዚህ ያጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደውሎ «አባዬ፣ መኪና ገዛሁ» ሲል አጎቴ «እንኳን ደስ ያለህ» ከማለቱ በፊት «ስንት ኩንታል?» ብሎ ጠየቀ።

«ኧረ የስፖርት መኪና ናት! ኮርቬት። በፈረንጆቹ 1974 የተሠራች።»

«ሰውስ ስንት ትጭናለች?»

«ሁለት።»

«ከሾፌሩ ሌላ?»

«ከነሾፌሩ።»

አጎቴ ስልኩን ከጆሮው አራቀና እኔን አየኝ። «ታዲያ ረዳቱ የት ሊቀመጥ ነው?»

አጎቴ የሊማሊሞ ሾፌር ነበር። ሊማሊሞ ማለት ጣልያን በወረራው ዘመን ገደል ፈልፍሎ ያወጣው፣ ከደባርቅ አፋፍ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገድ ነው። ላይ ጋቢ ያስደርባል፣ ታች ሸሚዝ ያስወልቃል። አጎቴ ያንን መንገድ በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። የኤንትሬ መሪ በጣት የሚዞር አይደለም፤ በወገብ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እጆቹ የሆነ ነገር ይፈልጋሉ።

ልጁ የደወለው ግን ለደስታው ብቻ አልነበረም። የኮርቬቷ መሪ ላልቷል። ሲይዙት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይነቀነቃል።

«ስታዞረው ጎማው ይታዘዛል?» አለ አጎቴ፣ ድምፁ ድንገት የሐኪም ሆኖ።

«ወዲያው ይታዘዛል።»

«እንግዲያው የጎማው ቴስቲና አይደለም። የመሪ ሳጥኑም ደኅና ነው። መሪው ራሱ የቆመበት ነው የላላው።»

በአውሮፕላን በርሮ ሄዶ ቢያያት ኖሮ የበለጠ አያውቅም ነበር። ልክ ነው፤ ሾፌሩ እጅ ላይ የሚነቀነቅና ጎማው ጋ የማይደርስ ሕመም ከታች አይፈለግም። የኮርቬቷ መሪ ከአንገቱ ላይ ዝቅና ከፍ የሚል ነው። የኮርቬት ሠሪው ጄኔራል ሞተርስ ይህን ነገር በፈረንጆቹ 1963 ካዲላክ ላይ ማቅረብ ጀመረ፤ ሰው መሪውን አንሥቶ ያለ ችግር እንዲገባና እንዲወርድ።

«ለምን? በሩ ጠባብ ነው?» አለ አጎቴ።

«አይ... ሆድ እንዳይነካ ነው።»

ከጓዳ የአጎቴ ሚስት እትዬ ይህን ሰሙ። እልልታቸው ጎረቤት ደረሰ። «ተመስገን! ልጄ ወፍሯል!» ሲሉ የመሪው ጉዳይ ለአፍታ ተረሳ። አጎቴ ግን አልተማረከም። «እኛ ሆዳችንን ነበር ለመሪው የምናስተካክለው» አለ።

ከዚያ መድኃኒት ማዘዝ ጀመረ። አንደኛ፣ በየደው፤ ዘላለም ቀጥ ይላል። ልጁ እምቢ አለ። እሺ፣ በጎማ ላስቲክ ጠፍረህ እሰረው። እምቢ። እንግዲያው መሪውን ንቀልና ዘንጉን አናቱ ላይ በመዶሻ አንዴ አቅምሰው።

«ኧረ አባዬ፣ መዶሻ አይነካም!»

እዚህ ላይ ልጁ እውነት አለው። ከፈረንጆቹ 1967 ሞዴል ወዲህ የጄኔራል ሞተርስ መሪ ዘንግ ግጭት ሲመጣ እርስ በርሱ ገብቶ እንዲያጥር የተሠራ ነው፤ የሾፌሩን ደረት እንዳይወጋ። ሳይገባ ይዘው የሚያቆዩት ትንንሽ የፕላስቲክ ካስማዎች ናቸው። መዶሻው ለነሱ ግጭት ነው፤ ይቆረጣሉ። አጎቴ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ኤንትሬ ላይ በግጭት ጊዜ የሚያጥረው ሾፌሩ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ጥገናው በቪዲዮ ስልክ ተጀመረ። እኔ ስልክ ያዥ፣ አጎቴ አማካሪ። ጥፋቱ አራት ቡሎኖች ናቸው፤ የመሪውን አንገት ከታችኛው አካል ጋር የሚያያይዙ። እነሱን ማጥበቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እነሱን ማየት ግን ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ የክላክሱ ክዳን ተነሣ። ቀጥሎ መሪው በመጎተቻ ወጣ። ከሥሩ በሞላ የተወጠረ ክብ ሳህን አለ፣ በቀለበት የታሰረ። ሳህኑን የሚጫን ልዩ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ቀለበቷን ጣሪያ ላይ ይፈልጋታል። ከዚያ የፍሬቻው ማብሪያ ከነሽቦ ጎፈሬው፣ ከዚያ የሞተር ማስነሻው ቁልፍ፣ ከዚያ መሪውን ወደ ላይ የሚገፋው ጠንካራ ሞላ፣ በመጨረሻም አንገቱ የሚታጠፍባቸው ሁለት ካስማዎች።

«ይኼ መሪ ነው ወይስ ሽንኩርት?» አለ አጎቴ።

ካስማዎቹ ሊወጡ ሲሉ የደባርቅ ኔትወርክ ሄደ። ሲመለስ አራቱ ቡሎኖች ታይተዋል፤ ልጁ በጣቱ ያዞራቸዋል! ለምን ላሉ? መኪናዋ ከመሬት ከፍታዋ ስንዝር አይሞላም። ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚይዘው አጥቶ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ይነሣል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ! አጎቴ ጭኑን መታ። «ከመኪና ሲወርዱ መሪ አይያዝም ብዬ ስንቱን ረዳት ገርፌያለሁ!» ቡሎኖቹ ከቅባት ጠርተው፣ እንዳይላሉ የሚያደርግ ማጣበቂያ ተቀብተው ጠበቁ።

ከዚህ በኋላ ልጁ ልቡ ሞቀ። አንድ ቀን ኮርቬቷን አምጥቶ ሳንቃበር ይወጣባታል! አጎቴ ቆጠረለት። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ሳስቶ ካርቡራተሯ ታፍናለች። ገላዋ ብረት ሳይሆን ፋይበር ግላስ ነው፤ ፍየል ቢያክክባት ማን ይከፍላል? ዕቃ መጫኛዋ ከውጭ አይከፈትም፤ ፖርቶመጋላም የላት፤ ጭላዳ እንኳ ጣሪያዋን ይንቃል። ደግሞስ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አገር ውስጥ ማስገባት ተከልክሏል። አጎቴ መንግሥትን ሲያመሰግን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መኪናዋ ተገጣጥማ ስታበቃ ልጁ ዞር ዞር ብሎ ደወለ። መሪው ቀጥ ብሏል፣ ንቅንቅ የለም። ግን አንድ ነገር አለ፤ የክላክሷ ንክኪ ሳይዛባ አልቀረም፣ ወደ ቀኝ በጠመዘዘ ቁጥር ብቻዋን ትጮኻለች። እንደገና ልፍታው?

«እንዳትነካት!» ጮኸ አጎቴ። «እኔ ሊማሊሞ ላይ በየኩርባው በእጄ ስጫን የኖርኩትን እሷ ራሷ ታደርገዋለች? ወደ ግራስ ስትዞር?»

«ዝም ትላለች።»

«በል እሱን ጠግነው።»