«ይህን ምዕራፍ ቤታችሁ አንብቡት»

የባዮሎጂ መጽሐፋችን ስለ መራቢያ አካላት፣ ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና መከላከያ የሚያስረዳ ምዕራፍ አለው። መምህሩ እዚያ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠራርግና «ይህን ምዕራፍ ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ያልፋል። ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ወንዶቹ ይሳሳቃሉ፤ ደወል ይደወላል። ለዚህች ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ተገቢው ምስጋና አልደረሳትም። የአገሩ ጨዋነት የቆመው በእሷ ላይ ነው።

ቤትም ቢሆን ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ልጅ ከየት እንደሚመጣ ለጠየቀ «ከገበያ ገዝተንህ ነው» የሚል መልስ አለ። ጥያቄው ከበረታ «ማነው ይህን ያስተማረህ?» ይባላል፤ ልጁም ሁለተኛ አይጠይቅም። የማይጠይቅ ልጅ ደግሞ ምንም አያስብም። ማታ ስልኩን ይዞ ጥግ ሲይዝ እያጠና ነው። በቴሌግራም የሚመጣለት አስተማሪ አያፍርም፣ ገጽም አይዘልም። ሴት ልጅ እምቢ ስትል እምቢ ማለቷ እንደሆነ ግን አይነግረውም። እኛም አልነገርነውም፤ ስለዚህ ትምህርቱ አይጋጭበትም።

ሴት ልጅ የመጀመሪያ ደሟን ስታይ የታመመች ይመስላታል። ትደነግጣለች፣ ልብሷን ትደብቃለች፣ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ማንም ቀድሞ ስላልነገራት ጨዋነቷ ተጠብቋል።

«ካስተማርናቸው እንቀሰቅሳቸዋለን» የሚሉ ወላጆች አሉ። ዩኔስኮ ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው መመሪያ፣ ጥናቶችን አገላብጦ፣ ትምህርቱ ወሲብ መጀመርን እንደማያፋጥን ጽፏል። ጥናቱ ጥናት ነው፤ እኛ ይሉኝታ አለን። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ኬፕታውን ላይ ከምሥራቅና ከደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ጋር ለወጣቶች የተሟላ የሥነ ጾታና የጤና ትምህርት ለመስጠት ቃል ገብታለች። ቃል መግባት ክፍል ውስጥ ገብቶ እንደ ማስተማር አያሳፍርም።

የዝምታችንን ፍሬ የሚጠራጠር ካለ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገውን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ይመልከት። ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት የነበራቸው 24 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከወንዶቹ 39 በመቶ። ከመቶ ልጃገረዶች 76ቱን ከዕውቀት መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም። ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች ውስጥ 13 በመቶው ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል፤ በአፋር ቁጥሩ 23 በመቶ ይደርሳል። ከገበያ የተገዙ ልጆች መሆን አለባቸው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማደንቀው የዕድሜ ስሌታችንን ነው። የ14 ዓመት ልጅ ስለ ገዛ ሰውነቷ ለመስማት ገና ሕፃን ናት፤ ለመዳር ግን ደርሳለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ ሽማግሌ ሲላክ ሕጉን የሚያነብ የለም። ከዚያ ምጥ ይመጣል። ዳሌዋ አልሰፋም፣ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፣ ምጡ ቀናት ይፈጃል። የሕፃኑ ጭንቅላት የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ይቀደዳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናቱ ሽንቷ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ባል ይሸሻታል፣ ጎረቤትም ይርቃታል። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ነው። በዚያ ሆስፒታል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ታክመዋል። እዚያ የመራቢያ አካል በስሙ ይጠራል፤ ቁስሉን ለመስፋት ስሙን መጥራት ግድ ነው። በሥርዓታችን ነውሩ የሚነሳው ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ተማሪ ካረገዘች ደግሞ አሠራሩ የታወቀ ነው። ደብተሯን ሰብስባ ትሄዳለች፤ ስሟ ካቋረጡት ጋር ይመዘገባል፤ መንደሩ አስተዳደጓን ይመረምራል። ያስረገዛት ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እሱን ማንም አይጠይቀውም፤ የባዮሎጂ ፈተናውም ከተዘለለው ምዕራፍ ጥያቄ ካላወጣበት በቀር የሚቸገርበት ነገር የለም።